ክረምቱን ከልጆች ጋር በጋሞ ደጋ፦ ከዝግጅት እስከ መመለሻ

ሰኔ አልቆ ልጆች ካርድ ሲቀበሉ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ይቀራል። ዝናቡ ቤት ያስቀምጣቸዋል። ቴሌቪዥንና ስልክ ቀኑን ይበሉታል። እኔ የምመክረው ከዚህ ጊዜ ላይ አንድ ሳምንት ቆርሶ ወደ ደቡብ መውረድ፣ ከዚያም ተራራ መውጣት ነው። የማወራው ስለ ጋሞ ደጋ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ ስላሉት ዶርዜና ጨንቻ።

ብዙ ቤተሰብ ዶርዜን የሚያየው ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። አርባ ምንጭ ያድራል፣ ጠዋት ይወጣል፣ የዝሆን ፊት የመሰለውን ቤት ፎቶ ያነሳል፣ ቆጮ በማር ይቀምሳል፣ ለምሳ ተመልሶ ይወርዳል። እንዲህ ከሆነ ለልጅ የሚተርፈው ፎቶው ብቻ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ተራራው ላይ እደሩ። ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ከተቻለ አራት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ የሚሆን ዝግጅት ነው።

1. ጊዜውን ቁረጡ

ክረምት ሲባል ሁሉም ቦታ እንደ አዲስ አበባ የሚዘንብ ይመስለናል። አርባ ምንጭ ግን እንደዚያ አይደለም። የከተማው ዋና ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ በጎርፍ ስትታጠብ አርባ ምንጭ ብዙ ቀን ፀሐይ ናት። ተራራው ላይ ግን ዝናብም ጉምም አለ። በእነዚህ ወራት ወደ ዶርዜ የሚወጣ ሰው ይህን አውቆ ይውጣ። ጉሙ ሲነሳ የሚታየው አረንጓዴ በበጋ የለም። በዚያ ላይ ልጆች ጭቃ ይወዳሉ።

ነሐሴ ውስጥ የፍልሰታ ጾም አለ፤ ከ1 እስከ 15። የዶርዜ ሰው በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፣ ጾሙንም አጥብቆ ይይዛል። እናንተም የምትጾሙ ከሆነ ችግር የለም፤ ቆጮው፣ ጎመኑ፣ ድንቹ ሁሉ የጾም ነው። ልጆቻችሁ ወተትና እንቁላል የሚፈልጉ ትንንሾች ከሆኑ ግን ሐምሌን ወይም ከነሐሴ 16 በኋላ ያለውን ጊዜ ምረጡ። በጾም ሰሞን አስተናጋጆቻችሁን "እንቁላል ጥበሱልን" ማለት ለእነሱም ለእናንተም አይመችም።

መስከረም ላይ የመስቀል በዓል ለጋሞ ሕዝብ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። በየከተማው የሚሸምኑ የዶርዜ ልጆች ወደ አገራቸው ይጎርፋሉ። በጣም ደስ ይላል። ግን ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ማረፊያም አይገኝም። ለዚህኛው ጉዞ አይሆንም።

2. ሳምንቱን ከተራራው ጀምሩ

ቅደም ተከተሉ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። መጀመሪያ ተራራው፣ ቀጥሎ ታች አርባ ምንጭ ያለው ጫሞ ሐይቅ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያደርገዋል። አዞና ጉማሬ ያየ ልጅ ግን በማግስቱ "እንዝርት እንይ" ሲባል አይሰማም። ተራራውን አስቀድሙት፤ ሐይቁ በመጨረሻ ይጠብቃቸዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ደጋው ላይ የረጠበው ልብስና ጫማ ቆላ ወርዶ በአንድ ቀን ይደርቃል። የወባ ትንኝ ያለውም ታች ስለሆነ እዚያ የምታሳልፉት ሌሊት ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ስምንት ቀን ካላችሁ እንዲህ አድርጉት። አንድ ሌሊት መንገድ ላይ፣ አራት ሌሊት ዶርዜ ወይም ጨንቻ፣ አንድ ሌሊት አርባ ምንጭ፣ ሲመለሱ ደግሞ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ። በአውሮፕላን የሚሄድ የመንገዱን ሌሊቶች ያተርፋል። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አራት አምስት ለሆነ ቤተሰብ ግን ቲኬቱ ይከብዳል፤ ደግሞም መንገዱ ራሱ የሚታይ ነገር አለው።

3. ማረፊያውን በስልክ አጣሩ

ዶርዜ ላይ በባህላዊው የቀርከሃ ቤት ወይም በዚያው መልክ በተሠራ ትንሽ ጎጆ የሚያሳድሩ ማረፊያዎች አሉ። ጨንቻ ከተማ ደግሞ ተራ ፔንሲዮን ይገኛል። ከልጅ ጋር ስትሆኑ የቀርከሃውን ቤት ምረጡ። ልጁ ማታ ጣሪያውን እያየ የሚያድርበት ቤት ራሱ ትምህርት ነው።

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

- መጸዳጃው ከመኝታው ምን ያህል ይርቃል? ሌሊት በዝናብ ልጅ ይዞ መውጣት ይኖራል።
- ሙቅ ውሃ አለ? ከሌለ በባልዲ ያሞቁልናል?
- ተጨማሪ ብርድ ልብስ ወይም ቡልኮ ይሰጣል?
- ምግብ እዚያው ይሠራል? ለልጅ የማያቃጥል ይሆናል?
- መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል?
- ሽመናውንና የእንሰቱን ሥራ ልጆቹ ራሳቸው መሞከር ይችላሉ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ናት። "ማየት ይቻላል" ብቻ ካሏችሁ ሌላ ቦታ ጠይቁ።

አሁን የምለውን ደግሞ እባካችሁ አትለፉት። ደጋው ይበርዳል፤ ሲበርድ ከሰል ይፈለጋል። ከሰል የያዘ ማንደጃ በምንም ምክንያት የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ጭስ ባይኖረውም የሚወጣው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል። ማታ እሳት ዙሪያ ተቀመጡ፣ ሙቁ፣ ከዚያ እሳቱን እዚያው ትታችሁ በብርድ ልብስ ተኙ። ልጆች ለሁለት ሲተኙ ይሞቃቸዋል።

አስም ያለበት ልጅ ካለ በባህላዊው ቤት ውስጥ የሚነደው የእንጨት ጭስ ሊያስቸግረው ይችላል። ለእሱ ምድጃ የሌለው ጎጆ ጠይቁ፤ የሚነፋው የአስም መድኃኒቱም ከእጃችሁ አይጥፋ።

4. ሻንጣውን ለሁለት አየር ጠባይ አዘጋጁ

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ላይ ነው። ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። በመካከላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ታች በቲሸርት ላብ ያሰመጠው ልጅ ተራራው ላይ ሲደርስ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ይቀንስበታል። ጃኬቱ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን መቀመጫው ላይ ይሁን።

ለደጋው የሚያስፈልገው ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የዝናብ ካፖርት። ጃንጥላ አትያዙ፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ የልጁንም እጅ ይይዛል። የላስቲክ ቦት ጫማ፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ለመኝታ የተለየ ደረቅ ልብስ። ይህን የመኝታ ልብስ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡትና ቀን ቀን ማንም እንዳይነካው ከልክሉ። ሁሉ ነገር ቢረጥብ እንኳ ልጁ ደርቆ ይተኛል።

ጋቢ ከቤት አትያዙ። የምትሄዱት ጋቢ ወደሚሸመንበት አገር ነው።

ለቆላው ቀጭን እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ኮፍያ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት በቂ ነው። የእጅ ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ጥሬ ብርም ያዙ። ቴሌ ብር ኔትወርክ ሲኖር ይሠራል፤ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ እናት ግን የምትፈልገው ዝርዝር ብር ነው።

መጫወቻ አታብዙ። አንድ ደብተርና እርሳስ ለየልጁ ይበቃል። ታብሌቱን ቤት ብትተዉት ደስ ይለኛል።

5. መንገዱን በሁለት ቀን ጨርሱት

በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ቀን ይደረሳል። ከልጅ ጋር ግን አታድርጉት። መሽቶ መንዳት ይመጣል፤ ከብት፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ መብራት የሌለው መኪና ሁሉ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነው።

በጠዋት 12 ሰዓት ውጡ። የመጀመሪያው ማረፊያችሁ ጢያ ይሁን። መንገዳችሁ ላይ ነው፣ ቡታጅራ ሳትደርሱ። 36ቱ ትክል ድንጋዮች ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ልጆቹ ይቁጠሩ፤ ከመኪና ወርደው እግራቸውን የሚያፍታቱበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሆሳዕና ምሳ ብሉ፣ ሶዶ እደሩ። በማግስቱ በጠዋት ከተነሳችሁ አርባ ምንጭ ረፋድ ላይ ትደርሳላችሁ።

ነዳጅ ባገኛችሁበት ሙሉ። ሶዶ ስትደርሱ ግማሽ ቢኖራችሁም ሙሉ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ማረፊያችሁን ደውላችሁ ጠይቁ። እዚያው የሚኖር ሰው የሚነግራችሁን ያህል የትም አታገኙም።

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ያለው ዳገት ጠመዝማዛ ነው። ዝናብ ሲመታው ይንሸራተታል። ትንሿን የቤት መኪናችሁን ካላመናችኋት ከታች አቁማችሁ መንገዱን የለመደ ሹፌር ያለው መኪና ተኮናተሩ፤ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ለደርሶ መልስ ጨርሱ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለሚበረታ ከቀትር በፊት ውጡ።

የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ከመውጣታችሁ በፊት ቀለል ያለ ነገር ብቻ ይብላ፤ ደረቅ ዳቦ ጥሩ ነው። ወተትና ጭማቂ አይሆንም። መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፣ ሩቅ ይይ፣ ስልክ አይይ። በየመታጠፊያው ሐይቁ አባያ ከታች እየሰፋ ሲሄድ ይታያል። "አሁን ከየት በኩል ታየ?" እያላችሁ ጠይቁት። ዓይኑ ውጭ ከሆነ ሆዱ ይረጋጋል።

መንገዱ ዳር ሕፃናት እየጨፈሩ፣ እየተገለባበጡ መኪና ፊት ይመጣሉ። ያምራል፤ ግን በጣም አደገኛ ነው። ብር ወይም ከረሜላ በመስኮት አትወርውሩ። የወረወራችሁት ነገር ልጁን ነገ ወደሚመጣው መኪና ፊት ይመልሰዋል። ልጆቻችሁ "ለምን አንሰጣቸውም?" ሲሏችሁ ይህንኑ ንገሯቸው። መርዳት ከፈለጋችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለቀበሌው አስረክቡ።

6. መጀመሪያ ቀን ምንም አታድርጉ

ደርሳችሁ ዕቃ አስቀምጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ልጆቹን ግቢው ውስጥ ልቀቁ። ያን ቀን የሚሠራ ሥራ ሰላምታ ብቻ ነው። ልጆቻችሁ የቤቱን ሽማግሌ "አባባ"፣ እናቲቱን "እማማ" ብለው፣ አንቱ እያሉ፣ ጎንበስ ብለው በሁለት እጅ ይጨብጡ። "ሳሮ" ማለትን መንገድ ላይ አስተምሯቸው። አንዲት የጋሞ ሰላምታ ከልጅ አፍ ስትወጣ ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ እንግድነት የለም።

አረቄ ይቀርብላችሁ ይሆናል። የማይጠጣ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ቢል ማንም አይቀየመውም።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ይህ ለገበያም፣ ለሽማግሌም፣ ለሕፃንም ይሠራል። መጀመሪያ ቀን ካሜራውን ጨርሶ ባታወጡት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

7. ቤቱን አስነብቧቸው

የዶርዜ ቤት ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። መሐል ላይ ምሰሶ የለውም። የተፈለጠ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠላልፎ ይሠራና በላዩ በእንሰት ቅጠል ወይም በቀርከሃ ቅርፊት ይሸፈናል። ከፊት የወጣችው መግቢያ የዝሆን ኩምቢ ትመስላለች፤ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዶች ደግሞ ዓይኖቹ። ውስጥ መሐል ላይ ምድጃ፣ በአንድ ወገን ከብቶቹ፣ በሌላው ሰው። ከብቱ ቤቱን ያሞቃል፤ ጭሱ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል።

ልጅ በጣም የሚወደው ታሪክ ይህ ነው። የቤቱ እግር እርጥብ መሬት ላይ ስለሚቆም ምስጥ ይበላዋል፣ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ የተበላው ግርጌ ይቆረጣል፤ ቤቱ ትንሽ ያጥራል። ከዓመታት በኋላ እንደገና ይቆረጣል፣ እንደገና ያጥራል። ስለዚህ መንደሩን እየዞራችሁ "የትኛው ቤት ሽማግሌ ነው?" ብላችሁ ብትጠይቋቸው ልጆቹ በቁመቱ ይመልሱላችኋል፤ አጭሩ ትልቁ ነው። መልሳቸው ልክ መሆኑን የቤቱን ባለቤት ይጠይቁ። ቤቱ ቦታ መቀየር ካለበትም ሰፈሩ ተሰብስቦ ተሸክሞት ይሄዳል።

8. እንሰትና ሽመና፦ እጃቸውን ያስገቡ

ሁለተኛውን ቀን ለእንሰት፣ ሦስተኛውን ለሽመና ስጡ። በአንድ ቀን አታጭቋቸው።

እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ግንዱና ሥሩ ነው። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ሥራው የሴቶች ነው። ግንዱ በእንጨት ላይ ተደግፎ በቀርከሃ ይፋቃል፣ ፈሳሹ ይጨመቃል፣ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። እዚያ ወራት ይቆያል። ከዚያ ቆጮ ይሆናል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ቡላ ነው።

ልጆቹ ሁሉንም ደረጃ እንዲያዩ አስቀድማችሁ ንገሩ፦ መፋቁን፣ ከጉድጓድ የወጣውን፣ መከታተፉን፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ መጋገሩን። መፋቁን ራሳቸው ይሞክሩ። የጉድጓዱ ሽታ ይከብዳቸዋል፤ አስቀድማችሁ "ይሸታል፣ ይህ የመብላላቱ ነው፣ እርጎም ይብላላል" በሏቸው። አፍንጫ መያዝ አስተናጋጇን ያሳዝናል። ትኩሱ ቆጮ ሲመጣ ለልጅ በማር ስጡት። ዳጣው ለትልልቆች ነው፤ በጣም ያቃጥላል።

ሽመናው ላይ ሥራው በወንድና በሴት የተከፈለ ነው። ሴቶች ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል፣ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይልካል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያለው ሙያ ከየት እንደመጣ ልጆቹ እዚህ ያዩታል።

መጀመሪያ እንዝርት ያሽከርክሩ። ክሩ ይበጠሳል፤ ሁሉም ልጅ ላይ ይበጠሳል። አትቸኩሉባቸው። አንድ ክንድ የምታህል ክር ለማውጣት ግማሽ ሰዓት የፈጀ ልጅ ነጠላ ስንት ሥራ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከዚያ ሸማኔው ፈቅዶ አጠገቡ ያስቀምጣቸውና መወርወሪያውን ይላኩ። ሦስት አራት መስመር ይበቃል። የሰው ገበያ ጥበብ እንዳይበላሽ ለመሞከሪያ የሚሆን ተራ ሸማ ካለ ጠይቁ።

ለዚህ ጊዜ ክፈሉ። ሰውየው ሥራውን አቁሞ ነው ያስተማራችሁ። ጋቢ ወይም ቡልኮ ልትገዙ ካሰባችሁም ከእሱ ግዙ፤ ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን ሽሮ ሜዳ እንደምትከራከሩት አይሁን። በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የሚሸመነው ዱንጉዛ ለልጅ ኮፍያ ወይም ቦርሳ ሆኖ ሲገኝ ያምራል።

9. ገበያ፣ ሽማግሌ፣ ዝናብ

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው፤ የጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ። ከመሄዳችሁ በፊት አስተናጋጆቻችሁን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ገበያ ሞቅ የሚለው ከረፋድ በኋላ ነው። ለየልጁ ትንሽ ብር ስጡትና ለራት የሚሆን አንድ ነገር ራሱ ገዝቶ ይምጣ፦ ድንች፣ ጎመን፣ ሽንኩርት። ከእናንተ ጋር ቆሞ ከሚያይ ይልቅ ራሱ ቆሞ ሲጠይቅ ይማራል።

ጨንቻ ላይ አፕል ይበቅላል። በሚስዮናውያን በኩል የገባ ተክል ነው፤ ብርድ ስለሚወድ ደጋው ተስማማው። አሁን ችግኙ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሌሎች ደጋ አገሮችም ይሄዳል። ፍሬው በደረሰበት ሰሞን ከሄዳችሁ ከዛፉ ሥር ግዙ።

ከሽማግሌዎች ጋር የምትቀመጡበት አንድ ምሽት ፈልጉ። ጋሞዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት፣ የሚዳኙበት ቦታ ዱቡሻ ይባላል። ልጆቹ ሳይጠይቁ ገብተው እንዳይሮጡበት። መስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። ይህን ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸውና "ሣሩ ምን ማለት ነው? ለምን ተንበረከኩ?" ብለው ራሳቸው ይጠይቁ። መልሱን ከሽማግሌ አፍ መስማት ሌላ ነው። ለእኔ የዚህ ጉዞ ትልቁ ነገር ይህ ምሽት ነው።

ዝናብ ከሰዓት በኋላ ይመጣል ብላችሁ ቀናችሁን ሥሩ። የእግር ጉዞና ገበያ ጠዋት፣ የቤት ውስጥ ሥራ ከሰዓት። የእግር ጉዞ ላይ የሰፈሩን ልጅ አስጎብኚ አድርጉ፤ ጉም ሲወርድ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው። መብረቅ ሲጀምር ከዛፍ ሥር አትቁሙ፣ ቤት ግቡ።

10. ወደ ቆላ ውረዱ

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ውረዱ። ልብሱን አስጡ። ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸውን አርባ ምንጮች እዩ። ከገደሉ ግርጌ በትልልቅ ሾላዎች መካከል የሚፈልቁ ናቸው፤ የከተማው የመጠጥ ውሃም ከዚያ ይወጣል። ጉሬዛና ዝንጀሮ ስለሚበዙ ምግብ በእጃችሁ አትያዙ።

ማታ ዓሣ ብሉ። ጉላሹም ጥብሱም ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ልጅ አጥንቱን እናንተ ልቀሙለት። ኩርኩፋም ቅመሱ፤ የበቆሎ ድብልብል ከሽፈራው ወይም ከጎመን ጋር ነው።

በማግስቱ በጠዋት ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ያዙ። ጠዋት ሐይቁ ይረጋል፣ አዞዎቹም ፀሐይ ለመሞቅ ዳር ይወጣሉ። የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ክፍያ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ጀልባ የሚከራየው ለሙሉው ስለሆነ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ብትካፈሉ ይቀላል። ለየልጁ ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ተንሸራትቶ ይወልቃል። እጅ ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ማንም አይቆምም። ሐይቁ ዳር መዋኘት የሚባል ነገር የለም።

የሜዳ አህያ ወዳለበት ወደ ነጭ ሳር ሜዳ መሻገር ትፈልጉ ይሆናል። መንገዱ ከባድ ነው፣ ጠንካራ ባለ አራት ጎማ መኪና ይፈልጋል፣ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ከትንንሽ ልጆች ጋር ይቅርባችሁ። የእግዜር ድልድይን፣ አባያና ጫሞን የሚለየውን ያን መሬት፣ ከከተማው ከፍታ ላይ ሆናችሁ አሳዩአቸው። ይበቃል።

11. ጤና

አርባ ምንጭ ወባ አለ። ደጋው ላይ ስጋቱ በጣም ያንሳል። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ። ቆላ ስታድሩ አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፣ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ፣ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ጥቅልል አድርጉ። ከመሸ በኋላ ረጅም እጅጌ።

ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ብቻ። ለምለም (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት)፣ የትኩሳት መድኃኒትና ፕላስተር ያዙ። ደጋው ላይ ልጅ በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ሙጀሌ ሊገባው ይችላል። ጨንቻ ላይ ሆስፒታል አለ፣ አርባ ምንጭም አለ። የአዲስ አበባ ሰው ራሱ ደጋ ላይ ስለሚኖር የጨንቻ ከፍታ አያስቸግረውም።

12. ስትመለሱ

ቆጮ ይዛችሁ መምጣት ከፈለጋችሁ ያልተጋገረውን፣ በእንሰት ቅጠል በደንብ የተጠቀለለውን ግዙ። በፌስታል ደርባችሁ ከመኪናው ኋላ አድርጉት፤ አለበለዚያ ሽታው ወደ ፊት ይመጣል። ቤት ስትደርሱ ፍሪጅ ይገባል። ጋቢውንና ቡልኮውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታጥቡ ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ፤ ባለ ቀለም ጥለት ካለው ለብቻው እጠቡት።

ያነሳችሁትን ፎቶ ለአስተናጋጆቹ አሳጥባችሁ ላኩ። በአርባ ምንጭ አውቶብስ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ልጅ ወይም አዋቂ ትኩሳት ከያዘው "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትተዉት። ወባ ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው የሚታየው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ከአርባ ምንጭ መምጣታችሁን ለሐኪሙ ተናገሩ፤ የደም ምርመራው ቶሎ ይታዘዛል።